የስድስት ፓውንዱ ትኬት

ቅዳሜ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ከግቢያችን በር ማዶ ያሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች ወንበር አይገኝባቸውም። ሻይ ያዘዘውም ያላዘዘውም ተጠጋግቶ፣ አንገቱን አስግጎ የእንግሊዝን ኳስ ያያል። እዚያ መሀል አንድ ሰው ብድግ ብሎ «ይቺን ጨዋታ እኮ እንግሊዞቹ ራሳቸው በቲቪ አያይዋትም» ቢል የሚያምነው አይኖርም። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው። በእንግሊዝ አገር ቅዳሜ፣ በእነሱ ሰዓት ከ14፡45 እስከ 17፡15 ባለው ጊዜ፣ በመደበኛው አሠራር የእግር ኳስ ጨዋታ በቀጥታ በቴሌቪዥን አይተላለፍም። እኛ እዚህ በሻይ ዋጋ የምናየውን የቅዳሜ ጨዋታ የማንቸስተር ሰው ማየት ከፈለገ ስታዲየም መግባት አለበት።

ደንቡ የመጣው በ1960ዎቹ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ)። ዋናው ተሟጋች የበርንሌይ ክለብ ሊቀ መንበር የነበሩት ቦብ ሎርድ ነበሩ። ክርክራቸው ቀላል ነው፤ ትልልቆቹ ክለቦች በቴሌቪዥን ከታዩ የትንሹ ከተማ ሰው እቤቱ ቁጭ ብሎ ይቀራል፣ የትንሹ ክለብም በር ይዘጋል። እንግዲህ አንድ አገር ለትናንሽ ክለቦች ሲል በቅዳሜ ከሰዓት ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ኖሯል። ታዲያ ተመልካቹ እንዲህ ተጠብቆ ከተሰጣቸው በኋላ ክለቦቹ እንዴት ያዙት? በር ላይ ሲደርስ ስንት አሉት?

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ትኬቱን ያስወደደ የታችኛው ሊግ ክለብ የነገ ደጋፊውን እየሸጠ የዛሬን ደመወዝ ይከፍላል ባይ ነኝ። በክፍላችን ይህን ስል «ስሜታዊ ነህ፣ ኢኮኖሚክሱ ሌላ ነው የሚለው» ያሉኝ አሉ። እኔ ደግሞ ኢኮኖሚክሱም ከኔ ጋር ነው እላለሁ፤ ግን መጀመሪያ የእነሱን ክርክር በሚገባው ክብር ላስቀምጠው።

በእንግሊዝ ከፕሪምየር ሊጉ በታች ቻምፒዮንሺፕ፣ ሊግ ዋን እና ሊግ ቱ የሚባሉ ሦስት እርከኖች አሉ። በእያንዳንዱ 24፣ በድምሩ 72 ክለቦች ይጫወታሉ። ከዚያ በታች ደግሞ እስከ መንደር ቡድን ድረስ የሚወርድ ረጅም መሰላል አለ። ላይ ያለው ክለብ ዋና ገቢው ከቴሌቪዥን ነው። ወደ ታች በወረድን ቁጥር የቴሌቪዥኑ ገንዘብ እየሳሳ ይሄድና የበሩ ገቢ፣ በዕለቱ የሚሸጠው ሻይና ፓይ ሳይቀር፣ የክለቡ እስትንፋስ ይሆናል። ድሮ ትንሽ መተጋገዝ ነበር። እስከ 1983 ድረስ ባለሜዳው ክለብ ከሊግ ጨዋታ የበር ገቢው ለእንግዳው ቡድን ድርሻ ይሰጥ ነበር። በዚያ ዓመት ይህ ቀረና ሁሉም የየራሱን መያዝ ጀመረ። ትልቅ ከተማ ያለው ተጠቀመ፤ ትንሽ ከተማ ያለው ከራሱ ሰው ኪስ ውጪ የሚያይበት አጣ።

እንግዲህ የአንዱን ትንሽ ክለብ ሒሳብ ሹም ቦታ ላይ ተቀመጡ። የተጫዋች ደመወዝ ጨምሯል፣ መብራት ጨምሯል፣ የአውቶቡስ ኪራይ ጨምሯል። አንደኛ ዓመት ማይክሮ ላይ የተማርናትን ኢላስቲሲቲ ታስታውሳላችሁ። ሳሙና ሲወደድ ሌላ ሳሙና እንገዛለን። የእግር ኳስ ደጋፊ ግን ክለቡ ዋጋ ስለጨመረ ተነስቶ የጎረቤቱን ክለብ አይደግፍም፤ ቢሞት አያደርገውም። ስለዚህ ሒሳብ ሹሙ ትኬቱ ላይ ሁለት ፓውንድ ሲጨምር ጥቂት ሰው ይቀራል፣ አብዛኛው እያጉረመረመ ይከፍላል፣ የዓመቱ ገቢም ከፍ ይላል። ሰውየው አልተሳሳተም። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ስህተት ቢሆን ኖሮ በዓመቱ መጨረሻ በታረመ ነበር።

ማን ነው የቀረው? ብለን ስንጠይቅ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከአባቱ ጋር 40 ዓመት የተመላለሰው ሽማግሌ አልቀረም። የቀረው ከአጎቱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሊገባ የነበረ የ14 ዓመት ልጅ ነው። እርግጥ ብዙዎቹ ክለቦች ለልጅ ዋጋ ይቀንሳሉ፤ ልጁን የሚያመጣው ሰው ግን ሙሉውን ይከፍላል። ዛሬ በሊግ ቱ የአንድ አዋቂ ሰው መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ፓውንድ በላይ ነው። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ዕድሜው 21 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሠራተኛ የተቆረጠው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 12.21 ፓውንድ ነበር። መጋዘን ውስጥ ሳጥን የሚያነሳ ሰው ግብሩ ሳይቆረጥ እንኳ ለአንድ ትኬት ሁለት ሰዓት ገደማ ይሠራል። ትራንስፖርቱ፣ የልጁ ትኬት፣ ልጁ የሚያለቅስበት ምግብ አልገባም። እና ይሄ አራተኛ እርከን ላይ ያለ ክለብ ነው፤ ኳሷ ከሜዳ ይልቅ አየር ላይ የምትውልበት! ልጁ በዚያ ዓመት አለመምጣቱ በማንም መዝገብ ላይ አይታይም። የሚታየው ከ15 ዓመት በኋላ፣ ትሪቡኑ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ሸብቶ ሲገኝ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በፌብሩዋሪ 2016 ሊቨርፑል የ77 ፓውንድ ትኬት ለማውጣት ማቀዱን የሰሙ ደጋፊዎች ከሰንደርላንድ ጋር በነበረው ጨዋታ በ77ኛው ደቂቃ በብዙ ሺህ ሆነው ስታዲየሙን ለቀው ወጡ። ቡድናቸው 2 ለ 0 ይመራ ነበር፤ 2 ለ 2 አለቀ። ባለቤቶቹም በጥቂት ቀናት ውስጥ ዕቅዱን አጠፉት። በዚያው ዓመት ፕሪምየር ሊጉ ለእንግዳ ቡድን ደጋፊዎች የ30 ፓውንድ ጣሪያ አበጀ። ትልቅ ክለብ ላይ ማመፅ ይቻላል፤ ክለቡ አይሞትም። የሊግ ቱ ደጋፊ ግን በዋጋው ተናዶ ቢቀር የሚጎዳው ራሱ የሚወደውን ክለብ ነው። ይህን ስለሚያውቅ ዝም ብሎ ይከፍላል፤ ያቃተው ደግሞ ዝም ብሎ ይቀራል። ዝምታውን እንደ ስምምነት የሚቆጥር አስተዳደር ራሱን እያታለለ ነው።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። በ1989 በሂልስቦሮ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ በጠቅላላው 97 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ሕይወት ጠፋ። ጉዳዩን ያጣሩት ዳኛ ሎርድ ጀስቲስ ቴይለር በጃንዋሪ 1990 ባወጡት የመጨረሻ ሪፖርት ትልልቆቹ ስታዲየሞች ሙሉ በሙሉ ባለ ወንበር እንዲሆኑ መከሩ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያነሳው፣ እኚሁ ዳኛ ወንበር ገባ ተብሎ ድሃው እንዳይባረር መጨነቃቸውን ነው። ርካሹ ወንበር ቆሞ ያይ ለነበረው ሰው ኪስ የሚስማማ ሊሆን እንደሚችል ጽፈው ለምሳሌ በግላስጎው አይብሮክስ ስታዲየም የወንበር ዋጋ 6 ፓውንድ መሆኑን ጠቅሰዋል። ክለቦቹ ከሪፖርቱ ወንበሩን ወሰዱ፣ ስድስቷን ፓውንድ ተዋት።

ስድስት ፓውንድ ከ17 ዓመት በኋላ ብቅ ያለችው ብራድፎርድ ላይ ነው። ብራድፎርድ በሰሜን እንግሊዝ ያለ የድሮ የሱፍ ፋብሪካ ከተማ ነው። ክለቡ መከራ የጠገበ ነው። በ1985 የእንጨት ትሪቡኑ ተቃጥሎ 56 ሰው ሞቶበታል። ከ1999 እስከ 2001 ፕሪምየር ሊግ ተጫወተ፣ ከአቅሙ በላይ ገንዘብ አወጣ፣ ወረደ። በ2002 እና በ2004 ዕዳውን መክፈል አቅቶት በሕግ አስተዳዳሪ እጅ ወደቀ። በ2007 አራተኛው እርከን ላይ አረፈ። 25,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ይዞ ሊግ ቱ ውስጥ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ማንኛውም ሒሳብ ሹም «የቀሩት ታማኞች ናቸው፣ እነሱ ላይ እንጨምር» ይል ነበር። ክለቡ ግን ለ2007-08 የውድድር ዓመት የአዋቂ የዓመት ትኬት በ138 ፓውንድ አወጣ። በሜዳው የሚደረጉት ጨዋታዎች 23 ናቸው፤ ሲካፈል ለአንድ ጨዋታ 6 ፓውንድ ይመጣል።

በዚያ ዓመት የብራድፎርድ አማካይ ተመልካች ከ13,000 በላይ ሆነ። በሊግ ቱ ውስጥ አብዛኛው ክለብ በጥቂት ሺህ ሰው በሚጫወትበት ጊዜ ነው ይሄ።

እዚህ ላይ ተአምር እንዲነገር የምትጠብቁ ካላችሁ አዝናለሁ። ቡድኑ በዚያ ዓመት 10ኛ ወጣ። ርካሽ ትኬት ጎል አያገባም። እስከ 2013 ድረስ እዚያው ሊግ ቱ ውስጥ ሲንፏቀቅ ኖረ። ሰዉ ግን አልተበተነም። በዲሴምበር 2012 የመጣባቸውን ጉድ የግቢያችን የአርሰናል ደጋፊዎች ከታላላቆቻቸው ሳይሰሙ አይቀሩም፤ በሊግ ካፕ አርሰናልን በፍጹም ቅጣት ምት ያሰናበተው የአራተኛ እርከን ቡድን ይኸው ብራድፎርድ ነበር። ቀጥሎ አስቶን ቪላን ጥሎ ዌምብሌይ ደረሰና በፌብሩዋሪ 2013 በስዋንሲ 5 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ወደ ሊግ ዋን አደገ። በ2019 እንደገና ሊግ ቱ ወረደ። የኔን ክርክር የሚደግፈው ግን ይህ ሁለተኛው ውድቀት ነው። በ2022-23፣ ያው አራተኛ እርከን ላይ ሆኖ፣ በአማካይ ከ17,000 በላይ ሰው ገባለት። በ2007 በስድስት ፓውንድ የገባ የ10 ዓመት ልጅ በዚህ ጊዜ 25 ዓመቱ ነው፤ ደመወዝ አለው፣ ምናልባት ልጅ ይዞ ይመጣል። በሜይ 2025 በመጨረሻው ጨዋታ ጭማሪ ሰዓት ላይ በተገኘች ጎል ወደ ሊግ ዋን ሲያድጉ ሜዳውን ያጥለቀለቀው ይሄ ትውልድ ይመስለኛል።

ተቃራኒውንም መደበቅ የለብኝም። ባዶ ወንበር ሁሉ ዕድል አይደለም። ዳርሊንግተን የሚባል ክለብ በ2003 25,000 ሰው የሚይዝ አዲስ ስታዲየም ከፈተ። ክለቡ አራተኛ እርከን ላይ ነበር፣ ተመልካቹ ጥቂት ሺህ፣ ከተማው ደግሞ ከነገጠሩ 100,000 ያህል ሰው ያለው ነው። ያንን ስታዲየም በነፃ ክፈቱት ቢባል እንኳ የሚሞላው ሰው የለም። ስታዲየሙ በተከፈተ በወራት ውስጥ ክለቡ በሕግ አስተዳዳሪ እጅ ገባ፤ በ2012 ድሮ የነበረው ኩባንያ አክትሞ ደጋፊዎቹ ክለቡን ከታች ጀምረው እንደገና አቋቋሙት። ብራድፎርድ ግን በአካባቢው ግማሽ ሚሊዮን ሰው አለው። 5,000 ሰው የሚይዝ ሜዳ ኖሮት ሁልጊዜ የሚሞላለት ክለብም ዋጋ ቢቀንስ ገቢውን ብቻ ያጣል። ስለዚህ ስድስቷ ፓውንድ ለሁሉም የምትታዘዝ ኪኒን አይደለችም። የኔ ክርክር ባዶ ወንበርና በዙሪያው አቅም ያጣ ሰው ለሚገኝበት ክለብ ነው። እንዲህ ያለው ክለብ ደግሞ ብዙ ነው። ባዶ ወንበር ላይ አንድ ሰው መጨመር ለክለቡ የሚያስወጣው ምንም ማለት ይቻላል፤ ማርጂናል ኮስት ብለን የተማርናት እኮ ይቺው ናት።

ሌላ መንገድ የመረጡም አሉ። የግሌዘር ቤተሰብ በ2005 ማንቸስተር ዩናይትድን ሲገዛ የተቆጡ ደጋፊዎች ኤፍሲ ዩናይትድ ኦፍ ማንቸስተር የሚባል የራሳቸውን ክለብ መሥርተው ከአሥረኛ እርከን ጀመሩ። እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው። ከ2009-10 ጀምሮ የዓመት ትኬቱን ዝቅተኛ መነሻ ካስቀመጡ በኋላ «ከዚያ በላይ የአቅምህን ክፈል» አሉ። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ለቅሶ ቤትም ሆነ ሠርግ ላይ መዋጮ ሲዞር ያለው ጨምሮ፣ የሌለው ቀንሶ እንደሚሰጥ እናውቃለን። ያለው የሚጨምረው ሌላው እንደሚጎድለው ስለሚያውቅ ነው። ይህ ግን የሚሠራው ክለቡ የኔ ነው የሚል ሰው ሲኖር ነው። አንድ ባለሀብት ለራሱ በያዘው ክለብ ላይ «የአቅማችሁን ጨምሩ» ቢባል ማን ይጨምራል?

ሰው ክለቡ የራሱ ሲመስለው ምን ያህል እንደሚሰጥ ያየነው በኮቪድ ጊዜ ነው። በጃንዋሪ 2021 በኤፍኤ ካፕ ስምንተኛ እርከን ላይ ያለው ማሪን የሚባል የሊቨርፑል አካባቢ ክለብ ቶተንሃም ደረሰው። ሰው መግባት ክልክል ነበር። የዓመቱ ትልቅ ገቢ ሊቀር ሆነ። ክለቡ በ10 ፓውንድ የማያስገባ ትኬት፣ በቃ ወረቀት ብቻ፣ መሸጥ ጀመረ። ከ30,000 በላይ ተሸጠ፤ ሜዳው ቢከፈት ኖሮ ከዚህ ውስጥ ትንሹን ክፍል ብቻ ነበር የሚይዘው። ጨዋታው 5 ለ 0 አለቀ፤ ማን ግድ አለው። እንዲህ ያለ ቀን ግን በሕይወት አንዴ ነው የሚመጣው፤ በእሱ ላይ በጀት አይያዝም። ከ2024-25 ጀምሮ ደግሞ በኤፍኤ ካፕ ከመጀመሪያው ዙር አንሥቶ ባሉት ጨዋታዎች የድጋሚ ጨዋታ ቀርቷል። ትንሹ ክለብ አቻ ወጥቶ በትልቁ ሜዳ የበሩን ገቢ የሚካፈልበት ሁለተኛ ዕድል አብሮ ቀረ። ላይኛው መንደር ስለ ድካም ሲያወራ ታችኛው መንደር እራቱን አጣ።

እስከ አሁን ስለ ሰው አገር አወራሁ። እኛስ? እዚህ የስታዲየም መግቢያ ርካሽ ነው። ስለዚህ ጥያቄው አይመለከተንም የሚል አለ። እኔ አይመስለኝም። የእኛ አብዛኞቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደር፣ በባንክ፣ በመከላከያ፣ በመንግሥት ድርጅት በጀት የሚኖሩ ናቸው። የተመልካቹ ብር የተጫዋቹን ደመወዝ አይከፍልም። ብራድፎርድ ላይ ባዶ ትሪቡን ሲታይ አንድ ሰው እንቅልፍ ያጣል። እዚህ የሚያጣ የለም። ትኬቱ የረከሰው ለተመልካች ታስቦ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ የረከሰው ግን ማንም ስለማይፈልገው ነው።

በ2020 ፕሪምየር ሊጋችን ከሱፐርስፖርት ጋር የአምስት ዓመት፣ የ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈራረም እኔም እንደ ሌላው ተደስቻለሁ። ከዚያ ጀምሮ ግን ቡድኖቹ በተራ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተሰበሰቡ መጫወት ያዙ። ሜዳው ካልተመረጠ ክለብ ደጋፊ ጎን ሆናችሁ አስቡት። በር ላይ የተጻፈው ዋጋ ትንሽ ነው። እሱ የሚከፍለው ግን የአውቶቡሱ፣ የአልጋው፣ የምግቡ ድምር ነው። ይሄ ሲደመር በዓለም ላይ ካሉት ውድ ትኬቶች አንዱ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢያንስ ከገቢው ጋር ሲተያይ። ልጁን ይዞ የሚሄድ አባትማ የለም። በዚያ ላይ እንግሊዝ ለትናንሾቿ ያደረገችውን እኛ አላደረግንም፤ ቅዳሜና እሁድ የሰፈር ክለብ ሲጫወት በዚያው ሰዓት አጠገቡ ያለው ዲኤስቲቪ ቤት ጢም ይላል። ዲኤስቲቪ ቤት ይዘጋ እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ ብል ከዶርም ያስወጡኛል። የጨዋታውን ሰዓት በሁለት ሰዓት ማስቀደም ግን ብር አይጠይቅም።

ባለፈው ዕረፍት ቤተሰብ ጋ በሄድኩበት ጊዜ የከተማችን ቡድን በታችኛው ሊግ ሲጫወት ገብቼ አይቼ ነበር። ከጨዋታው በኋላ በር ላይ ትኬት ሲቆርጡ የነበሩትን አባት ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ሰው ገባ?» አልኳቸው። እሳቸውም የተረፈውን ጥራዝ በላስቲክ እያሰሩ «ማን ይቆጥረዋል ልጄ፣ የሚጠይቀኝም የለ» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና ድሮ እኚያ ከግንቡ ወዲያ ያሉት ባሕር ዛፎች ላይ እንኳ ሰው ይንጠለጠል እንደነበር ነገሩኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ዛፎቹ አሁንም አሉ።